ቆልፍ ያልኩት ጎማ

በዚያ ቀን መኪናዋ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ስም አልጠራም፤ የሚያውቁን ያውቁናል፣ ለማያውቁን ስማችን አይጠቅምም።

አንደኛው እኔ ነኝ፣ የመኪናዋ ባለቤት። በልጅነቴ ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ መጥቼ እዚሁ ያረጀሁ፣ የሞተር ሥራን ማንም ሳያስተምረኝ መኪና ሥር ተኝቼ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሁለተኛዋ ትልቋ ልጄ ናት። ባምባሲ ታስተምራለች፤ ትምህርት ተዘግቶ ለክረምት ቤት መጥታ ነበር። ሦስተኛው አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ነው፤ የበርታ ሰው፣ ከቀርከሃ አልጋና ወንበር እየሠራ የሚሸጥ። አራተኛዋ ሚስቱ ናት፤ ገበያ ውስጥ የደረቀ ባሚያና በርበሬ የምትነግድ፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የማይተናነስ ሴት።

ጉዞው የእሷ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ወንድሟ ከመንጌ ወዲያ ካለው መንደራቸው ደውሎ እናታቸው ማረፋቸውን ነገራት። በእነሱ ደንብ ሬሳ አያድርም። ሟቿ ሴት ከሆነች የሚያጥቧት ሴቶች ናቸው፤ ልጅ ካላት ደግሞ ልጇ ትቀድማለች። የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት እንዳበቃ በሟቿ ላይ ሰግደው እንደሚቀብሩ ወንድሟ ነግሯታል። የመለሰችለትን ባሏ አጥር ላይ ቆሞ አጫወተኝ።

«ውሃ አሙቁ አለ። እጅ እንዳታስገቡ አለ። እናቴን እኔ ነኝ የማጥበው አለ።»

«አለ» የሚለው ሚስቱን ነው። ጎረቤቴ አማርኛ የተማረው ገበያ ውስጥ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል።

«እና መኪናው ያስፈልገናል፣ ጋሼ።»

ወዲያው እሺ አላልኩም። ሐምሌ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። ባጃጅ እዚያ አይሄድም። ሁለት ባለ ሞተር ሳይክሎች ተለምነው ወንዙን ፈርተው እምቢ ብለዋል። የኔ ግራ ጉልበት ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አብጦ ፍሪሲዮን መርገጥ አልችልም ነበር። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«እኔ እነዳለሁ» አለች።

በዚያች መኪና መሪ ላይ ከእኔ በቀር ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ሆኖም እናት የሞተችበትን ሰው «ልጄ መንዳት ትልመድና ተመለስ» አይሉትም። ቁልፉን ሰጠኋት።

ስለ መኪናዋ ጥቂት ካልነገርኩ የሚቀጥለው ነገር አይገባም። አሮጌ ናት፤ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ። በዛሬዎቹ አዳዲስ መኪኖች ላይ ጣት ጫን ሲያደርጉ አራቱም ጎማ ይስባል። የእኔዋ ግን ሁለት ሥራ ትጠይቃለች። መጀመሪያ ወርደህ በሁለቱ የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያሉትን ክብ መቆለፊያዎች በእጅህ ታዞራለህ። ከዚያ ተመልሰህ ገብተህ ከማርሹ ጎን ያለችውን አጭር ዘንግ ትስባለህ። መቆለፊያዎቹ ካልዞሩ ዘንጓን መሳብ ከንቱ ነው፤ የፊት ጎማ እንደ ጋሪ ጎማ ይንከባለላል እንጂ አይስብም። አንዱ ዞሮ ሌላው ቢቀርም ያው ነው። ጉልበቱ ሁሉ በተለቀቀው በኩል ይፈሳል።

እነዚያን መቆለፊያዎች በየወሩ እፈታቸዋለሁ። በናፍታ አጥባቸዋለሁ፣ ንጹሕ ግራሶ እቀባቸዋለሁ። በጋም ቢሆን ከከተማ ወጥቼ አሸዋ ላይ አራቱንም ጎማ ጥቂት አሠራለሁ። ሥራ ፈቶ የከረመ ብረት እንደ ሥራ ፈት ሰው ነው፤ በተጠራ ቀን አይነሣም። ለልጆቼ ይህን እስኪሰለቻቸው ነግሬአቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። በመቆለፊያዎቹ ላይ የነበረው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በዘመን ብዛት ስለ ጠፋ፣ የቆርቆሮ በሬን ከቀባሁበት ቀለም ትራፊ ወስጄ ነጥብ አድርጌባቸው ነበር፤ ለተቆለፈው ቀይ፣ ለተለቀቀው አረንጓዴ። ያለ ምክንያት አልነበረም። የፊት ጎማ ተቆልፎ፣ ዘንጓ ተስባ በአስፋልት ላይ ከተሄደ ማርሹ ይበላል። ስለዚህ ቀይ «ተጠንቀቅ» ነው፣ አረንጓዴ «ሰላም ነው፣ እንደ ልብህ ንዳ» ነው። ለእኔ ከፀሐይ የበራ ነገር ነበር። የሚነካቸው ሌላ ሰው ስላልነበረ ለማንም ላስረዳ አላሰብኩም።

ልጄ መሪ ያዘች። እኔ ከጎኗ፣ ጎረቤቴ ከኋላዋ፣ ሚስቱ ከኋላዬ ተቀመጥን። ሴትዮዋ ጉልበቷ ላይ ያልተከፈተ ሳሙናና ለሬሳ ማጠቢያ የሚሆን ካፉር የተቋጠረበት ነጭ ነጠላ ይዛለች። ከአሶሳ ሳንወጣ ሕጌን ማስታወቅ ጀመርኩ።

«ውሃ ውስጥ ማርሽ አትቀይሪም። እግርሽን ፍሪሲዮን ላይ አታሳርፊም። እኔ ሳልል ከመሪ አትወርጂም።»

«ወንጌል ነው፣ አባዬ?»

«ከወንጌል ቀጥሎ ነው።»

ከኋላ ሴትዮዋ፣ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ካንተ በፊት ጡረታ መውጣት ነበረባት» አለች። ባሏ በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አላት፤ ዝም በይ ያላት መሰለኝ። እሷ ግን የቀለደችው ዝም ካለች ስለምታለቅስ ነው። ያ ለእኔ ግልጽ ነበር።

ኬላው ላይ ረጅም ሰልፍ ገጠመን። ፊታችን ያለው ጭነት መኪና እየተራገፈ ይፈተሻል። ጎረቤቴ ወርዶ ፈታሹን አነጋገረው፤ ቀብር መሆኑን ሲሰማ በጎን አሳለፈን። እስከዚያ ግን ከሩቅ ያለው ሰማይ ጠቁሮ ነበር። መንጌን ስናልፍ ወንድሟ ደወለ፤ ውሃው ሞቋል።

«ይቀዝቅዝና እንደገና ያሙቁት» አለችው በአማርኛ፣ እኛም እንድንሰማ።

ከዋናው የጠጠር መንገድ ወጥተን ወደ መንደሩ የሚወስደውን ያዝን። ከጥቂት ጉዞ በኋላ ወንዙ ጋ ደረስን። በበጋ ሴቶች አሸዋውን እያጠቡ ወርቅ የሚፈልጉበት ቀጭን ውሃ ነው። ያን ዕለት ቡናማ ሆኖ ሰፍቷል። ጎረቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በትር ይዞ ገባና ለካው፤ ከጉልበቱ በላይ ነው፣ ሥሩ ግን ጠጠር ነው። የሚያስፈራው ውሃው ሳይሆን ከማዶ ያለው ዳገት ነበር፤ ቀይ ጭቃ፣ የከብት እግር ያቦካው።

«አራቱን ጎማ እናስገባለን» አልኩና ወረድኩ። ጉልበቴን እየጎተትኩ በእኔ በኩል ያለውን፣ የቀኙን መቆለፊያ ወደ ቀዩ አዞርኩ። ጎረቤቴ ከውሃው ወጥቶ በግራ በኩል ቆሞ ነበር። በኮፈኑ ላይ አሻግሬ፣ «በዚያ በኩል ቆልፍ» አልኩት።

ጎንበስ አለ። ቀና አለ።

«ሆነ?»

«ሆነ፣ ጋሼ። ደህና ነው።»

ገባን። አጭሯን ዘንግ እኔው በእጄ ሳብኳት። ልጄ ውሃውን በአንድ ማርሽ፣ ሳትፈጥን ሳትዘገይ አሻገረችው፤ እንዲያ መንዳት መቻሏን አላውቅም ነበር። የፊት ጎማዎቹ ማዶ ያለው ጭቃ ላይ ወጡ። የኋላዎቹ ከውሃው ሊወጡ ሲሉ መኪናዋ ተነፈሰች፣ ተንፏቀቀች፣ ቆመች።

«ቀስ ብለሽ ስጪያት» አልኳት። ሰጠቻት። የኋላ ጎማዎች ውሃ እየረጩ ዞሩ፤ እኛ ግን ከነበርንበት አልተነቃነቅንም። በመስኮቴ አንገቴን አውጥቼ የፊት ቀኙን ጎማ አየሁ። አይዞርም። በገዛ እጄ የቆለፍኩት ጎማ ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ከአንድ ዓመት ወዲህ ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ ከሚያካፍለው የፊት ዲፈረንሻል አንድ የሚያፏጭ ድምፅ እሰማ ነበር። አንድ ቀን ጥርሱን ይጥላል ብዬ ስፈራው የኖርኩት ነገር ነው። ሰው አስቀድሞ የፈራው በሽታ ካለ፣ ሕመም በተሰማው ቁጥር ያንኑ በሽታ ነው የሚያየው። እኔም ሌላ ምንም ሳላጣራ «ዲፈረንሻሉ ሄደ» አልኩ።

«እንደገና ልሞክር?» አለች ልጄ።

«ሞክሪ።»

ሞከረች። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

«ፍሪሲዮኑን ጠበስሽው። እግርሽን አታሳርፊ አላልኩሽም?»

«አላሳረፍኩም።»

«ሽታው ምን ነው ታዲያ?»

መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ፊት ታያለች። አሁን ሳስበው ያቃጠለችው እኔ ሞክሪ ስላልኳት ነው።

ወርጄ ጭቃው ላይ ተንጋለልኩና ከሥር ገባሁ። ልጄ ቀስ ብላ ስትሰጣት ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄደው ረጅም ዘንግ ይዞራል፤ ጎማው ግን አይዞርም። ይህ ጥርጣሬዬን አጸናው። ዘንጉ እየዞረ ጎማው ካልዞረ፣ መሐል ላይ አንድ ነገር ተሰብሯል ማለት ነው። በግራ በኩል ያለውን ጎማ ለማየት አልተሻገርኩም። ለምን እሻገራለሁ? «ሆነ» ተብያለሁ።

ከሥር ወጥቼ ስቆም የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ወደ ላይ መውጣቱን ልጄ ነገረችኝ። ሴትዮዋ ወርዳ ከመኪናዋ ጎን ቆማ በስልክ ታወራለች። «ከፈኑ ተገዝቷል? ስንት ክንድ ነው?» ትላለች።

«ኮፈኑን ክፈቺው» አልኳት ልጄን።

ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። «ምን አልክ?»

«የመኪናውን ነው፣ እህቴ። የሞተሩን ክዳን።»

አየችኝና ስልኩን መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች። መስመሩ ግን ተቋርጦ ነበር፤ ደጋግማ ብትሞክርም አልገባ አላት።

ከዚያ ጥያቄዋን አመጣች። «ጋሼ፣ በእግሬ ልሂድ?»

መንደሩ በእግር ሩቅ ነው፤ ሁለት ሸንተረር መሻገር ይጠይቃል። በዚያ ጭቃ ምናልባት ዙሁር ሳይደርስባት ትደርስ ነበር፣ ምናልባትም አትደርስም ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም። የማውቀው የመለስኩላትን ነው። «ቆይ፣ አሁን እናወጣታለን። በእግርሽ ከምትደርሺ ቀድመን እናደርስሻለን።» አምናኝ ቋጠሮዋን መልሳ መቀመጫው ላይ አኖረች።

ጎረቤቴ ቢላውን አውጥቶ ወደ ዳር ወጣ፤ ቀርከሃ ቆርጦ ተሸክሞ መጣ። እንጨቱን ሲሰነጥቅ ለአልጋ የሚሰነጥቅ ይመስል እኩል እኩል ነው የሚያደርገው። የኋላ ጎማዎች ሥር ረበረብነው። ልጄ ስትሰጣት ቀርከሃው እየተሰባበረ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ አንዱ ስንጣሪ ክንዴን ጫረኝ። መኪናዋ ጥቂት ወደ ላይ ወጥታ ተመልሳ ተቀመጠች። በኋላ መከላከያዋ በኩል ያለው ውሃ ከመጀመሪያው ከፍ ብሏል። ከላይ በኩል ዘንቧል ማለት ነው።

«አባዬ፣ ልውረድና የፊቱን ልየው» አለች ልጄ።

«ከመሪ አትውረጂ ብያለሁ።»

«አንዴ ልየው ነው የምልህ።»

«ብሬክ የያዘው እግርሽ ነው። አንቺ ስትወርጂ ወደ ወንዙ ብትንሸራተትስ?»

ይህ እውነት ነበር፤ የእጅ ፍሬኗ ደካማ ነው። ግን እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ትክክለኛ መልስ አይደለም። ድንጋይ ከጎማው ሥር ማድረግ ይቻል ነበር። እኔ ግን ሕጌን ካስጣሰችኝ ሌላውም እንደሚፈርስ ሆኖ ተሰማኝ። በቤቴ ውስጥም እንዲህ ነኝ፤ አልክደውም።

ሴትዮዋ የተናገርነውን አልሰማችም። ጫማዋን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከፊት ቀኙ ጎማ ሥር ጭቃውን በእጇ ትዝቃለች። አካፋው በባሏ እጅ ነበር፤ እስኪለቅላት አልጠበቀችም። የቀኙን አጥርታ ስትጨርስ ወደ ግራው ሄደች። እኔ ጋቢናው በር ላይ ተደግፌ፣ ሰው ልኬ ከመንጌ በሬ ማስመጣት ይሻል እንደሆን አስባለሁ። ፀሐይ ደመናውን ቀዳ አናታችን ላይ ልትደርስ ምንም አልቀራትም።

«እናንተ» አለች ከግራ በኩል፣ ቀና ሳትል። «ይቺ መኪና በዚያ በኩል ቀይ ተኳኩላ፣ በዚህ በኩል አረንጓዴ የተኳለችው ለምንድነው? ለሰርግ ነው?»

መጀመሪያ ቃሉ ብቻ ነው የገባኝ። ከዚያ ትርጉሙ ደረሰኝ። በኮፈኑ ዙሪያ እንዴት እንደሄድኩ ጉልበቴ ያውቃል። በመዳፏ ጭቃውን ጠርጋ ያጠራችው የግራው መቆለፊያ አረንጓዴው ላይ ነው። ከአሶሳ ስንነሣ እንደነበረው፣ አንዲት ጣት አልተነቃነቀም።

ጎረቤቴን ጠራሁት። «ቆልፍ አላልኩህም?»

«ብለሃል፣ ጋሼ።»

«ሆነ አላልከኝም?»

«አልኩ።» አካፋውን ተከለው። «ጎንበስ ብዬ አየሁ። አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ሂድ ነው። ጎማ ከተቆለፈ እንዴት ይሄዳል? እኔ በር ስቆልፍ ሰው አይገባም። ብስክሌት ስቆልፍ አይሄድም። ጋሼ ተሳስቶ ነው አልኩ፤ ደህና ነው ብዬ ተውኩት።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ትቆጣለህ።»

ያን ጊዜ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ልጄ ከመሪው ላይ ሆና፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «አባዬ፣ ቀለሙን የቀባው ማነው?» አለች።

ያልገባው ሰው መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ዛሬም ይህን እላለሁ፣ ለጎረቤቴም ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ቀይን በራሱ ልብ ብቻ የተረጎመ ሰው፣ ሌላው እንደ ሀገሩ ቢያነበው አልታዘዙኝም ሊል አይችልም።

ሴትዮዋ ቀና ብላ ባሏንም እኔንም አላየችም። ወንዙ ዳር ወርዳ እጇን መታጠብ ጀመረች፤ ጭቃው ከጥፍሮቿ ሥር አልወጣ ብሎ ትፈትገዋለች።

የግራውን መቆለፊያ ወደ ቀዩ አዞርኩ። ጠቅ ብሎ ሲይዝ በጣቴ ተሰማኝ። ሁላችንም ከዳር ሆንን፤ ልጄ ብቻ ውስጥ ነበረች። ማርሽ አስገብታ ቀስ ብላ ለቀቀቻት። የፊት ጎማዎች ጭቃውን ነከሱት፤ መኪናዋ ገና ስንደርስ ልታደርገው ይገባ እንደነበረው፣ አንዳች ሳትጮህ ዳገቱን ወጣች። ዲፈረንሻሉ ምንም አልሆነም ነበር።

ልጄ ከምፈቅደው በላይ ፈጠነች፤ አልከለከልኳትም። ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትጨምርም። ሁለተኛው ሸንተረር ላይ ስንደርስ የአዛን ድምፅ ከታች መጣ። ሴትዮዋ ቋጠሮዋን ፈታች፤ ሳሙናውን አውጥታ ሽፋኑን ገለጠችና እጇ ላይ ያዘችው። እስክንደርስ ድረስ እንደያዘችው ነበር።

መንደሩ ስንገባ ወንዶች ከመስጊዱ ወጥተው በአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ተሰልፈዋል። ሬሳው በአልጋ ላይ ከፊታቸው ነው፤ በነጭ ተጠቅልሏል። መኪናዋ ሳትቆም ሴትዮዋ ወረደች። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ከመኪናዋ ጎን ቆምኩ። ልጄ ተከትላት ስለ ሄደች ቀጥሎ የሆነውን ያወቅሁት ከእሷ ነው።

ወንድሟ ሰልፉን አስቁሞ አልጋውን ወደ ሴቶቹ መለሰላት። የእናቷ እህት መጥተው ጨርቁን ከሟቿ ፊት ገለጡላት። አየቻት። ከዚያ ያጠቧት እነማን እንደሆኑ ጠየቀች፤ አክስቷና ሁለት ጎረቤቶች መሆናቸውን ነገሯት። «ውሃውን ሁለት ጊዜ አሞቅነው። ሼኹ ዙሁር ደረሰ አሉ» አሏት አክስቷ። ፀጉሯስ ተጎንጉኖ እንደሆነ ጠየቀች። እንደ ደንቡ ሦስት ተደርጎ ተጎንጉኗል። «በግራ በኩል ስትነካ ያማት ነበር፣ ቀስ ብላችኋል?» አለች። አክስቷ ቀስ ማለታቸውን ማሉላት። ሳሙናውን ለአክስቷ ሰጠቻቸው። ጨርቁን በገዛ እጇ መልሳ ሸፈነች፤ ልጄ እንደነገረችኝ በዚያን ጊዜ ጥፍሮቿ ሥር አሁንም ቀይ ጭቃ ነበረ።

እናቷን ቀበሩ። እኔም ከዳር ሆኜ አፈር ሲመለስ አየሁ። ሴትዮዋ ለሐዘኑ እዚያው ቀረች፤ ባሏ ከእኛ ጋር ተመለሰ። ወንዙ በመጉደሉ በሰላም ተሻገርን። በዚህ ጊዜ ሁለቱንም መቆለፊያ እኔ ራሴ አየሁ፤ ጎረቤቴም ራሱ አየ፤ ልጄም ድንጋይ ከጎማው ሥር አድርጋ ወርዳ አየች። ምንም አላልኳትም።

አሶሳ ገብቼ የኋላ ዲፈረንሻሉን ቡሎን ስፈታ የወጣው ዘይት ወተት የመሰለ ነበር። ያን ያህል ውሃ ውስጥ ስትቀመጥ ውሃው ገብቶበታል። ከወንዝ የወጣ አሮጌ መኪና ዘይቱ ይታይ፤ ነጣ ካለ ቀን አይሰጠው፣ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ፍሪሲዮኑም አልቋል። ሁሉንም ፈታሁ።

መቆለፊያዎቹን ስፈታ ጎረቤቴ አጥሩን ዞሮ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አነሣሁት።

«አሁን ምን ታደርግበታለህ?» አለኝ።

«በፊደል እቀርጽበታለሁ። ቆልፍ፣ ክፈት ብዬ።»

«አይሆንም። አሁንም እኔ እሳሳታለሁ። ልጅህም ይሳሳታል።» ጎማውን በመዳፉ መታ አደረገው። «ይሄ ሲሆን ጎማው ምን ያደርጋል? ዘንጉን ይይዛል። ያኛው ሲሆን ይለቃል። ስለዚህ ያዝ በል፣ ልቀቅ በል።»

ብረት መብሻ ይዤ እንዲያ ቀረጽኩት፤ በአንዱ በኩል «ያዝ»፣ በሌላው «ልቀቅ»። አሁን ልጆቼ ሁሉ ያዞሩታል። በየወሩ ግራሶ የምትቀባውም ባምባሲ ያለችው ናት፤ ለቅዳሜ ስትመጣ።

ሴትዮዋ ሐዘኗን ጨርሳ ስትመለስ ልቅሶ ልንደርሳት እኔና ልጄ ገባን። ከተቀመጥን በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ የጠየቅኋት ስለ ቀለሙ ሳይሆን «ቆይ» ስላልኳት ነበር።

«በእግሬ ብሄድም አልደርስም ነበር ይሆናል» አለች። «ግን ያን ጊዜ ያልደረሰችው እግሬ ትሆን ነበር።»

ጎረቤቴ ተነሥቶ ከትራሱ ሥር ብር አውጥቶ ዘረጋልኝ። አልቀበልም አልኩ። «ሆነ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ልጄ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያቃጠለችው እሷ መሆኗን ተናግራ ከደሞዟ እንደምትጨምር አስታወቀች። ቀለሙን የቀባሁት እኔ መሆኔን ማንም መናገር አላስፈለገውም። ሦስት ቦታ ተካፈልነው።

ሴትዮዋ ብሩ ሲቆጠር እያየች፣ «የኔን ድርሻ አትጠይቁኝም?» አለች።

ለፍሪሲዮኑ፣ ለዘይቱና ውሃ ላስገቡት ጎሚኒዎች፣ ማለት ዘይት ማገጃ ላስቲኮች፣ የወጣው ከእያንዳንዳችን አሥራ አንድ ሺህ፣ በድምሩ ሠላሳ ሦስት ሺህ ብር ነው፤ ከእሷ ደግሞ እናቷን የማጠቡ ተራ።